ጥፍር የማይዘው ጭረት ስንት ብር ያስቀንሳል?

እሑድ ረፋድ ላይ ነው። ሲግናል ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ወደ ተራራው አቅጣጫ ገባ ባለ የኮብልስቶን መንገድ ላይ፣ ብርማ ቀለም ያላት ቶዮታ ኮሮላ ከግቢ ወጥታ ቆማለች። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። መኪናዋን ሸጠው ለልጃቸው የሱቅ መነሻ ሊያደርጉለት አስበዋል። ደላላው ገዢ ይዞ ከመምጣቱ በፊት ብቻውን ሊያያት መጥቷል። እንደተለመደው ኮፈኖ አስከፍቶ ሞተር አላስነሳም። ከኋላ መብራቱ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አናጢ የጣውላን መጣመም እንደሚያይ የመኪናዋን ጎን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው።

«ጋሼ፣ የሹፌሩ በር ተጭሯል። ገዢ ይህን አይቶ 40 ሺሕ ብር ማስቀነሱ አይቀርም» አለ።

«እሱማ ምን ችግር አለው? ነገ ጋራዥ ወስጄ በሩን አስቀባዋለሁ» አሉ መምህሩ።

«ኧረ እንዳያደርጉት! ከተቀባማ 100 ሺሕ ነው የሚቀነሰው።»

ይህ ጸሐፊ የመምህሩ ጎረቤት ነው፤ የገበያ ወሬ መስማትም እንጀራው ስለሆነ ቆሞ አዳመጠ። የተበላሸው በር 40 ሺሕ ካስቀነሰ፣ የተጠገነው በር እንዴት 100 ሺሕ ያስቀንሳል? መምህሩም ይህንኑ ጠየቁ። ደላላው ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ «ገበያው ነዋ» ብሎ ሄደ።

ነገሩ ወዲህ ነው። በአዲስ አበባ ያገለገለ መኪና ገበያ ቀለም ጌጥ ብቻ ሳይሆን የመኪናዋ የምስክር ወረቀት ነው። ደላሎች «ቀለም ያልነካት»፣ «የፋብሪካ ቀለሟ ላይ ያለች» እያሉ የሚያስተዋውቁት በከንቱ አይደለም። ገዢ አዲስ የተቀባ በር ሲያይ ዓይኑ ቀለሙ ላይ አይቆምም። ከቀለሙ ሥር ስቱኮ፣ ከስቱኮው ሥር ባትላሜራ የቀጠቀጠው ላሜራ፣ ከዚያም በስተጀርባ ግጭት ይታየዋል። ግጭት ባይኖርም ይታየዋል። ሻጩ «ትንሽ ጭረት ነበር፣ ለማሳመር ብዬ ነው» ቢል ማን ያምነዋል? ተጋጭቶ ያስቀባውም የሚለው ይህንኑ ነው።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ታዋቂ ጽሑፍ ምሳሌ ያደረገው ይህንኑ ያገለገለ መኪና ገበያ ነበር። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው አያውቅም። ስለዚህ ገዢው ለደህናዋም ለብልሽቷም ተጠራጥሮ ዝቅ ያለ ዋጋ ይጠራል፤ ደህና መኪና ያለው ሰውም በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ከገበያው ይወጣል። አከርሎፍ በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። የሲግናሉ ደላላ ጽሑፉን ያነበበ አይመስለኝም፤ ሐሳቡን ግን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨርሶታል።

ቅናሹ የሚያንገበግበውም ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን መኪና መጓጓዣ ብቻ አይደለም፤ የቁጠባ ሣጥንም ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ይፋ አደረገ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ይህ ሁሉ ተደማምሮ ዛሬ አገር ውስጥ ያለች አንዲት አሮጌ ኮሮላ የአንድ ቤተሰብ ትልቁ ተንቀሳቃሽ ሀብት ሆና ትገኛለች። ከዋጋዋ አምስት በመቶ በጭረት ምክንያት ቢወርድ፣ ደላላው እንደ ልማዱ ከሚቀበለው ሁለት በመቶ ኮሚሽን ከእጥፍ በላይ መሆኑ ነው። በኮሚሽን ላይ ግማሽ ቀን የሚከራከር ሻጭ ስለ ጭረቱ ግማሽ ቀን ቢሠራ ምን ይለዋል?

እዚህ ላይ ሦስተኛው መንገድ ይመጣል፤ ጭረቱን እንዳለ አለመተው፣ በሩንም አለማስቀባት፣ ይልቁንም ጭረቱን በቤት ውስጥ በእጅ ማጥፋት። ለዚህ ግን የተጫረው ምኑ እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ያሻል።

የመኪና ቀለም አንድ ነገር አይደለም። ከላሜራው ቀጥሎ ዝገት የሚከላከለው ሽፋን አለ፤ የእኛ ቀለም ቀቢዎች አንቲረስት ከሚሉት ጋር አንድ ዓይነት ሥራ አለው፣ ፋብሪካ ውስጥ ግን የሚለበጠው ገላውን እንዳለ በገንዳ ነክሮ በኤሌክትሪክ ነው። በላዩ ገጹን የሚያስተካክለው ግራጫ ወይም ነጭ የመሠረት ቀለም ይመጣል። ከዚያ መኪናዋን ብርማ ወይም ቀይ የሚያሰኛት ዋናው ቀለም፣ በመጨረሻም ክሊር የሚሉት፣ ቀለም የሌለው መስታወት መሰል ሽፋን ይደረባል። የሁሉም ውፍረት ተደምሮ በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። አንባቢ በእጁ ሊዳስሰው ከፈለገ አንድ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ያንሣ፤ ውፍረቱ ወደ 100 ማይክሮን ይጠጋል። እንግዲህ መኪናዋን ከዝናብና ከፀሐይ የሚለያት ከአንድ ወረቀት እምብዛም አይበልጥም። ከዚህም ውስጥ ክሊሩ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ብቻ ነው፤ ከአንድ የራስ ፀጉር ይቀጥናል።

ቀላል ጭረት የሚባለው በዚህ በክሊሩ ውስጥ የቀረው ነው። ነጭ ሆኖ የሚታየው ቀለሙ ስለ ለቀቀ አይደለም። ለስላሳው ገጽ በመሰንጠቁ የቦዩ ጠርዞች ብርሃኑን ወደየአቅጣጫው ስለሚበትኑት ነው። የተፋቀ መስታወት ነጭ እንደሚመስለው ማለት ነው። ስለዚህ ማጥፋት ሲባል ቦዩን መሙላት አይደለም፤ በዙሪያው ያለውን ክሊር በጥቂት ማይክሮን ዝቅ አድርጎ ጠርዞቹን ማለስለስ ነው። የሥራው ምስጢርም አደጋውም እዚህ ላይ ነው። የሚወጣው ከክሊሩ ነው፤ የወጣ ክሊር ደግሞ አይመለስም።

ምርመራው ከኪስ ምንም አያስወጣም። መምህሩ በሩን አጥበው ካደረቁ በኋላ በጣታቸው ትንሽ ውኃ ጭረቶቹ ላይ አስኬዱ። ጭረቶቹ አራት ነበሩ። ሦስቱ ውኃው እስኪደርቅ ጠፉ፤ አራተኛው፣ ከእጀታው በታች ያለው፣ ውኃ ውስጥም ሆኖ ይታያል። ውኃ ቦዩን ሞልቶ ብርሃኑ ቀጥ ብሎ እንዲያልፍ ስለሚያደርግ በክሊሩ ውስጥ የቀረ ጭረት ሲረጥብ ይሰወራል። ሁለተኛው ምርመራ የጥፍር ነው። ጥፍርን ሳይጫኑ በጭረቱ ላይ አሻግሮ መጎተት፤ ጥፍር ሳይደናቀፍ ካለፈ በእጅ ይጠፋል። ከያዘው ደግሞ መቀነስ ይቻል ይሆናል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ግራጫ ወይም ነጭ የመሠረት ቀለም፣ ይባስ ብሎም ላሜራ ከታየ የእጅ ሥራው እዚያው ያቆማል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት። ሁሉም መኪና ክሊር የለውም። ብርማና ሌላም ሜታሊክ የሚባል ቀለም ያላቸው በአብዛኛው ክሊር አላቸው። የድሮ መኪናዎችና ብዙዎቹ ነጭ ቶዮታዎች ግን ቀለሙና ማንጸባረቂያው አንድ ላይ የተቀላቀለ፣ ክሊር ያልተደረበበት ቀለም ነው ያላቸው። መለያው ቀላል ነው። ጥቂት ፖሊሽ በማይታይ ቦታ ላይ በጨርቅ አሽቶ ጨርቁን ማየት ነው። መኪናዋ ቀይ ሆና ጨርቁ ቀይ ከሆነ ክሊር የለም። ለነጭ መኪና ጥቁር ጨርቅ መያዝ ይሻላል፤ ነጩ ቀለም በነጭ ጨርቅ ላይ አይታይምና። ፖሊሹም ራሱ ነጭ ከሆነ ነገሩ ይምታታል፣ ስለዚህ የፖሊሹን ቀለም ቀድሞ ማየት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ቀለም በእጅ ሲታሽ ያምራል፣ ግን በየዓመቱ ከታሸ እየሳሳ ሄዶ ከሥሩ ያለው ግራጫ ብቅ ይላል።

መምህሩ በማግስቱ መገናኛ ወርደው ከአንድ የመለዋወጫ ሱቅ አንድ ጣሳ ራቢንግ ኮምፓውንድ፣ አንድ ጠርሙስ ፖሊሽ፣ ሰምና ሁለት ማይክሮፋይበር የሚባሉ ለስላሳ ጨርቆች ገዙ። 4 ሺሕ ብር አልሞላም። ባለሱቁ አስቀድሞ ያነሣላቸው ኮምፓውንዱን ነበር፤ «እሱ ቶሎ ይበላዋል» በማለት። ልክ ነው፣ ቶሎ ይበላል። ጥያቄው የሚበላው ምኑን ነው የሚለው ነው። ኮምፓውንድም ፖሊሽም በውስጣቸው እንደ ዱቄት የላመ የሚፍቅ ቅንጣት አለ፤ የኮምፓውንዱ ሻካራ፣ የፖሊሹ ደቃቅ ነው። ሰም ግን በአብዛኛው አይፍቅም፣ ይሸፍናል እንጂ። ደንቡ ከለስላሳው መጀመር ነው። ፖሊሹ ካጠፋው ኮምፓውንዱ ከነክዳኑ ይቀመጣል።

ሥራው የተሠራው ጠዋት፣ ፀሐይዋ ግድግዳውን ሳትሻገር ነው። የጋለ ላሜራ ላይ ፖሊሹ ወዲያው ይደርቅና ቅንጣቱ ራሱ ሌላ ጭረት ይሆናል። መጀመሪያ በሩ በመኪና ሻምፑ ታጠበ፤ ኦሞ አልተነካም፣ የነበረውን ሰም ገፎ ቀለሙን ያደርቀዋልና። ቀጥሎ የመምህሩ ልጅ እጁን ቀጭን ፌስታል ውስጥ አግብቶ በሩን ዳሰሰው። በባዶ እጅ ለስላሳ የሚመስል ገጽ በፌስታል ሲዳሰስ የተጣበቀው ቅንጣት ሁሉ ይቆረቁራል። ያ ቅንጣት ሳይለቀቅ ማሸት በአሸዋ ማሸት ስለሆነ በሩ ደግሞ ታጠበ። የበሩ ጎማ፣ እጀታውና ጠርዙ በወረቀት ፕላስተር ተሸፈኑ። ፖሊሹ ጥቁር ፕላስቲክና ጎማ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ጠርዝ ላይ ደግሞ ቀለሙ ከሌላው ቦታ ስለሚሳሳ ቶሎ ይበሳል።

የባቄላ ፍሬ የምታህል ፖሊሽ በጨርቁ ላይ፤ የምትታሸው ቦታ ከሁለት መዳፍ አትበልጥም። መጀመሪያ ወደ ጎን፣ ቀጥሎ ወደ ላይና ወደ ታች፣ መካከለኛ በሆነ ጉልበት፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ። በአንድ ጣት ጭረቱን ብቻ እየተከተሉ መጫን ስህተት ነው፤ ጣት ያለፈበት ቦታ እንደ ቦይ ይሰረጉድና ብርሃን ሲመታው ይታያል። ከዚያ መጥረግና ማየት። መምህሩ ሲያስተምሩ እንደኖሩ «ሥራህን አሳይ» እያሉ ልጃቸውን በየዙሩ ያስቆሙት ነበር። ሁለቱ ቀጫጭን ጭረቶች በፖሊሹ ብቻ በሦስተኛው ዙር ጠፉ። ሦስተኛው አልጠፋ ሲል ኮምፓውንዱ ተከፈተ፤ አንድ ዙር በኮምፓውንድ፣ ከዚያ ኮምፓውንዱ የተወውን ጉም ለማጥፋት አንድ ዙር በፖሊሽ። መጨረሻ ላይ በሩ በሙሉ ሰም ተቀባ። ሁለት ሰዓት ገደማ ፈጀ፤ ከዚህም ግማሹ ቡና ነበር።

ፖሊሽ ዘይት ስላለው ቦዩን ለጊዜው ሞልቶ ጭረቱ የጠፋ ያስመስላል። ስለዚህ ሰሙ ከመቀባቱ በፊት የታሸው ቦታ በሳሙና ውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ፀሐይ ላይ መታየት አለበት። ጭረቱ ከታጠበ በኋላ ተመልሶ ከመጣ አልጠፋም ነበር ማለት ነው።

ይህች ነጥብ ለገዢውም ትጠቅማለች። ለሽያጭ የቀረበች መኪና ሁሉ ስታብረቀርቅ ብትገኝ መደሰት ብቻ አይበቃም፤ ሲሊከን ተረጭቶባት ወይም ዘይት ተቀብታ ሊሆን ይችላል። በደመናና በማታ መብራት መኪና አይገዛም። ውኃ ማስፈሰስ፣ ማድረቅ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ በጎን ማየት ነው። የተቀባ በር ደግሞ ራሱን ያጋልጣል፤ በበሩ ጎማ ሥር የቀለም ብናኝ ይገኛል፣ የማጠፊያው ብሎን ራስ ላይ ቀለሙ የተሰነጠቀ ወይም እንደ አዲስ የተሸፈነ ይሆናል። በውጭ አገር ያገለገለ መኪና ነጋዴ የቀለም ውፍረት የምትለካ ትንሽ መሣሪያ ይይዛል። 120 ማይክሮን ያነበበች መሣሪያ በሚቀጥለው በር 250 ካለች ቀለም ተደርቧል፤ ከዚያም በብዙ ከዘለለች ሥሩ ስቱኮ ነው። የእኛ ደላላ በጣት ጀርባ ኳ ኳ ያደርጋል፣ ወይም ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ ያስጠጋል፤ ስቱኮ ባለበት ማግኔቱ ይላላል። በእጅ የታሸ በር ግን በዚህ ሁሉ ምርመራ ውስጥ የፋብሪካ በር ሆኖ ያልፋል፤ የፋብሪካ በር ነውና።

ብርማ መኪና ማስቀባት በተለይ የማይመከርበት ምክንያትም አለ። ብርማው ቀለም ውስጥ ደቃቅ የአሉሚኒየም ቅንጣቶች አሉ። ፋብሪካው ሲረጫቸው አንድ ዓይነት አኳኋን ይዘው ይተኛሉ፤ ቀለም ቀቢው በሌላ ግፊትና በሌላ ርቀት ሲረጫቸው ሌላ አኳኋን ይይዛሉ። በቶዮታ የቀለም ቁጥር 1ኤፍ7 የሚባለው ብርማ በትክክል ቢቀመም እንኳ፣ ከፊት ሲያዩት ልክ የነበረው በር ከጎን ሲያዩት ጠቆር ብሎ ሊታይ ይችላል። ጎበዝ ቀለም ቀቢ ይህን ለማስታረቅ ከበሩ አልፎ ፓራፋንጎውንም ይነካል። እንግዲህ አንድ በር የተባለው ሁለት፣ ሁለቱ ሦስት ይሆናል።

ስለ ወጥ ቤት መድኃኒትም ይጠየቃል። የጥርስ ሳሙና፣ በሰፈራችን ምንም ዓይነት ቢሆን «ኮልጌት» የሚባለው፣ ውሸት አይደለም። ጥርስ የሚያጸዳበት የሚፍቅ ደቃቅ ዱቄት ስላለው በጣም ቀጭን ጭረትን ያደበዝዛል፤ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ነጭ ሙጭሙጭ እንጂ እንደ ጄሊ የሚያሳየው ዓይነት አይደለም። ሆኖም የተሠራው ለጥርስ በመሆኑ ሥራው አዝጋሚና ያልተስተካከለ ነው። ለአንዲት የጥፍር ፍቀት ይሆናል፣ ለበር አይሆንም። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ፣ አመድና የመጸዳጃ ቤት ዱቄት ግን አንድ ጭረት ሊያጠፉ መቶ ጭረት ይወልዳሉ። ቲነር ክሊሩን ያቀልጣል። ሌላ መኪና ታክካ የእሷን ቀለም ትታ ከሄደች፣ ያ ጭረት ሳይሆን ልጥፍ ነው፤ ብዙ ጊዜ ፖሊሹ ብቻ ያነሣዋል።

ብርጭቆ ወረቀትስ? ባለሙያዎች በ2000 ቁጥር ወረቀት፣ በውኃ እያረጠቡ ክሊሩን ይፍቁና በማሽን ያወዙታል። እነሱ ስንት ማይክሮን እንደቀረ የሚለካ መሣሪያ ይዘው ነው። እኛ በዓይናችን ለክተን ብንነካው፣ ክሊሩ አልቆ ዋናው ቀለም ሲወጣ የምናውቀው ካለፈ በኋላ ነው። ይህ ጸሐፊ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ላቫጆ ውስጥ የወንድሙን መኪና ሰጥቶ፣ ልጁ በግራይንደር ላይ ጸጉራም ጨርቅ አስሮ የኮፈኖውን ጠርዝ ሲያቃጥለው ቆሞ ተመልክቷል። አምስት ሴኮንድ አልፈጀም። ኮፈኖው ተቀባ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ያቺ መኪና በደላሎች አፍ «ፊት የተመታች» ናት።

ክሊርን መቆጠብ በአዲስ አበባ ከሌላ ቦታ ይልቅ የሚያስፈልገው በከፍታችን ምክንያት ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ትጠጋለች፣ እንጦጦ አናት ላይ ደግሞ ከ3,000 ይበልጣል። ጨረሩን የሚከላከለው ንጥረ ነገር ያለው ክሊሩ ውስጥ ነው። ጣሪያቸውና ኮፈኗቸው እንደ ደረቀ ቆዳ የተላጠ መኪናዎችን በየመንገዱ እናያለን፤ ፀሐይ ክሊሩን ስለጨረሰችው ነው። ለዚህም ነው በር በዓመት አንድ ጊዜ ቢታሽ ብዙም የማያስፈራው፤ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ፀሐይ በጣሪያው ልክ አታገኘውም። ጣሪያና ኮፈኖ ላይ ግን እጅን መሰብሰብ ነው።

ጥፍር የሚይዘውን አራተኛውን ጭረት በተመለከተ፣ መምህሩ አልነኩትም። የመሠረቱ ቀለም ስላልታየ ዝገት አያሰጋም። ላሜራ ታይቶ ቢሆን ኖሮ በቁጥሩ የተቀመመ ጥቂት ቀለም በክብሪት እንጨት ጫፍ ነክቶ መሸፈን ግድ ነበር፤ ክረምት ከመግባቱ በፊት። የቀለሙ ቁጥር በሹፌሩ በር ምሰሶ ወይም ሞተሩ አጠገብ በተለጠፈው መግለጫ ላይ ይገኛል። ጭረቱ ፓራውልት ላይ ከሆነ ደግሞ ጭንቀቱ ይቀንሳል። የዛሬ ፓራውልት ፕላስቲክ ስለሆነ አይዝግም፤ ቢቀባም ገዢው እንደ በር አይከፋበትም፣ በዚህ ከተማ ፓራውልቱ ያልታከከ ሰው ማን አለና።

ሦስቱ ጭረቶች ከየት መጡ የሚለውን ስንመረምር አንዱ ከግቢው በር ቁልፍ፣ አንዱ ከባሕር ዛፍ ጭነት ነበር። ከእንጦጦ የሚወርድ እንጨትና ቅጠል በጠባቡ መንገዳችን ሲያልፍ የቆመ መኪና ጎን ይዳስሳል። ከእነዚህ ይልቅ በጠቅላላው ገጽ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የሚታየው ደቃቅ ጭረት የሚመጣው ግን ከእኛው ከባለቤቶቹ እጅ ነው። በበጋ አቧራ የለበሰችን መኪና ጠዋት ጠዋት በደረቅ ጨርቅ መወልወል የተለመደ ነው። አቧራው ውስጥ ያለው የአሸዋ ቅንጣት ከክሊሩ ይጠነክራል፤ ጨርቁ ተሸካሚው ነው። ላቫጆም ውስጥ የጎማው ጨርቅ የኮፈኖው ጨርቅ ይሆናል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሁለት ባልዲ ይኑርህ ማለት የቅንጦት ምክር ይመስላል፤ ቢሆንም አንዱ ለሳሙናው ሌላው ጨርቁን ለማለቅለቂያ ቢሆን በሁለቱም ባልዲ ውስጥ ያለው ውኃ ግማሽ ግማሽ ይበቃል። ውኃ ከጠፋ አቧራውን እንዳለ መተው ይሻላል።

ደላላው በሳምንቱ ቅዳሜ ገዢውን ይዞ መጣ። ከኋላ መብራቱ አጠገብ እንደ ልማዱ ቁጢጥ አለ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ተነሥቶ የበሩን ጎማ ገለጥ አድርጎ አየ፣ በጣቱ ጀርባ መታ መታ አደረገ። መምህሩ ከእጀታው ሥር የቀረችውን አንዲት ጭረት እያሳዩ «ይህችን ማጥፋት አቃተን» አሉት።

«ተዋት፣ ጋሼ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቀለሟ የፋብሪካ መሆኑን እሷ ትናገርልዎታለች።»

ገዢው ከጭረቷ ላይ ምንም አላስቀነሰም። ስለ ጎማዎቹ ግን ተከራክሮ 15 ሺሕ አስቀንሷል።